ከወጥ ቤት እስከ ጣሪያ፦ የቅይጥ ሕንፃ መመሪያ ሳረቅ የተማርኩት

የቅይጥ አገልግሎት ሕንፃዎች፣ ማለትም መኖሪያና ንግድ አንድ ላይ የሚይዙ ሕንፃዎች፣ የዲዛይን መመሪያ እንዳረቅ ኃላፊነቱ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የያዝኩት ሰንጠረዥ ነበር። የትኛው አገልግሎት ይፈቀዳል፣ የትኛው ይከለከላል፣ የትኛው ልዩ ፈቃድ ይፈልጋል። የተማርኩትም እንደዚያ ነው፤ መኖሪያን ከንግድ፣ ንግድን ከፋብሪካ መለየት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1926 የኢዩክሊድን፣ በኦሃዮ ግዛት ያለች የአንዲት መንደርን፣ የዞን ደንብ (መሬትን በአገልግሎት የሚከፋፍል ደንብ) ያጸደቀው ይህንኑ መለያየት ተቀብሎ ነው።

ሰንጠረዡ ግን ታች የሚጠብሰውንና ላይ የሚተኛውን አያስታርቅም። ይህ የገባኝ ተገንብቶ ያለቀ አንድ ሕንፃ ሳይ ነው። ታች ምግብ ቤት፣ ላይ መኖሪያ፤ ሁለቱም የተፈቀዱ። የምግብ ቤቱ ጭስ ማውጫ ግን የጎን ግድግዳውን በስቶ የሚወጣው ከአንድ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነበር። ነዋሪዋ መስኮቱን በላስቲክ ወጥራዋለች፤ ላስቲኩ በቅባት ወይቧል። ገና ሲሠራ እስከ ጣሪያ የሚወጣ የቱቦ መተላለፊያ ቢተውለት ኖሮ የሚወስደው ቦታ ከአንድ ቁም ሳጥን አይበልጥም ነበር። ካለቀ በኋላ ግን የየፎቁን ሶሌታ መብሳት ሊኖር ነው።

ከዚያ ወዲህ ረቂቁን ከሥሩ ቀየርኩት። የቱቦ መተላለፊያው፣ የመኖሪያው የብቻ መግቢያ፣ የቆሻሻ ማከማቻውና የዕቃ ማራገፊያው ግዴታ ሆኑ። የምድር ወለሉም ከወለል እስከ ወለል 4.5 ሜትር እንዲሆን ጻፍኩ፤ 3 ሜትር ላይ ቢሙና ቱቦው ሲቀነሱ ለሱቅ የሚሆን ከፍታ አይተርፍም።

የተሳሳትኩበትም አለ። በየመንገዱ ያለ የምድር ወለል ሁሉ ሱቅ ይሁን ብዬ ነበር። ገዢ በማያልፍበት መንገድ ሱቁ ተከራይ አጥቶ ይዘጋል፤ መስታወቱ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ መንገዱ ሱቅ ከሌለው ይልቅ ይጨልማል። ስለዚህ ሱቅን ግዴታ ያደረግኩት በዋና መንገዶችና በማዕዘኖች ብቻ ነው። ሌላው ጋ ከፍታውና ወደ መንገድ የሚከፈተው በር ይኑር፤ ዛሬ ቢሮም መኖሪያም ቢሆን ነገ ሱቅ መሆን ይችላል። «መስታወት» ብሎ መጻፍም አይበቃም፤ ከውስጥ በማስታወቂያ ይሸፈናል። «ውስጡን የሚያሳይ መስታወት» ብዬ አረምኩት።

ፓርኪንግ ላይ ብዙ ተከራክረናል። የቢሮ መኪና ቀን ቆሞ ማታ ይሄዳል፤ የነዋሪው በአብዛኛው ማታ ይገባል። የእያንዳንዱን ከፍተኛ ቁጥር ከመደመር በየሰዓቱ አንድ ላይ የሚቆመውን ቆጥሮ ትልቁን መውሰድ ይሻላል። ለመኪና ሊቆፈር የነበረ ብዙ ቦታ ይተርፋል።

ያልፈታሁት ድምፅ ነው። ሌሊት ሊጥ የሚያቦካ ማሽን ንዝረቱ በኮለኑ እየወጣ ፎቁ ድረስ ይሰማል፤ የቀን ልኬት አይይዘውም። አሁንም በዚህ አንቀጽ ላይ እየሠራሁ ነው።

የሕንፃ ሥዕል ሲቀርብልኝ ቀድሜ የምከፍተው ሴክሽኑን፣ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሚታይበትን ሥዕል፣ ነው። ጣቴን ከምግብ ቤቱ ምድጃ አንስቼ እስከ ጣሪያ እወስደዋለሁ። የጭሱ መንገድ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሥዕሉን እመልሰዋለሁ።