ከቀለም ቀቢው በፊት ቡሎን ፈቺ፦ ገና አዲስ የሆነች ፒካፔ ስትገጭ ያደረግኩት

መኪና አዲስ ስትሆን ትንሽ ጭረት እንኳ ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ያየ ሁሉ የሚመክረው ቶሎ ቀለም አስቀባት ብሎ ነው። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ገና አዲስ የሆነች ፒካፕ ቀለል ያለ ግጭት ሲደርስባት መጀመሪያ የሚፈለገው ቀለም ቀቢ ሳይሆን ቡሎን የሚፈታ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሊነካ የማይገባውን አለማስነካት።

የእኔዋ የተገጨችው ቆማ ነው። የመጀመሪያ ሰርቪሷ እንኳ አልደረሰም ነበር። አንድ ሰው የቤት መኪናውን በኋላ ማርሽ ሲያወጣ የግራ የኋላ ጥጓን ገጫት። ፍጥነት የሚባል ነገር አልነበረውም። የኋላው ፓራውልት (የግጭት መከላከያው) ጥግ ገባ አለ፣ የመብራቱ ሽፋን ተሰነጠቀ፣ ከመብራቱ ጎን ያለው የካሶኒው (የዕቃ መጫኛው) ላሜራ ሰርጎድ አለ። ከስርጉዱ በታች ደግሞ ረዘም ያለ ጭረት ቀረ። ሰውዬው ጨዋ ነው። ወርዶ አየና "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ በፖሊሽ የሚጠፋ ነው" አለኝ። ሊሆን ይችላል አልኩት፤ ግን ፎቶ ሳላነሳ አልሄድም።

ብዙ ሰው የሚያነሳው የተጎዳውን ቦታ ብቻ አቅርቦ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ በኋላ ሲያዩት የማን መኪና እንደሆነ እንኳ አይለይም። እኔ መጀመሪያ ራቅ ብዬ ሁለቱንም መኪኖች ከነሰሌዳቸው፣ ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ አነሳሁ። ከዚያ ከጎን ዘወር ብዬ አነሳሁ፤ ስርጉድ ፊት ለፊት ሲያነሱት ይደበቃል፣ የሚወጣው ብርሃን በጎን ሲያልፍበት ነው። ተንበርክኬ ከፓራውልቱ ሥርም አነሳሁ። ያልተጎዳውን የቀኝ ጎንም በዚያው አቅጣጫ ጨመርኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ግራና ቀኙ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በፓራውልቱና በካሶኒው መካከል ያለው ክፍተት እኩል አለመሆኑ ያለ ክርክር ይታያል። የኢንሹራንስ ወረቀቱንም አነሳሁ፣ የሆነውን በሁለት መስመር ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን።

ቀጥሎ ያደረግኩት ማጠብ ነው። በአቧራ ላይ ሆኖ ጉዳት አይመዘንም። የፋብሪካ ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ላሜራው ላይ ዝገት የሚከላከል ንጣፍ አለ፣ በላዩ ፕራይመር የሚሉት የሥር ቀለም፣ በላዩ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ክሊር የሚሉት ግልጽ ሽፋን። ይሄ ሁሉ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ፖሊሽ ያለ ልክ የሚፈትግ ሰው የሚጫወተው በዚህች ስስ ነገር ነው።

ጭረቱን በውሃ አራስኩት። እርጥብ ሲሆን የሚጠፋ ጭረት ክሊሩን ብቻ የነካ ነው፤ በፖሊሽ ይለቃል። ርሶም የሚታይ፣ ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ከሆነ ግን ጠልቋል። የእኔዋ አብዛኛው በውሃ ጠፋ። ነጭ መስሎ የቀረው የሰውዬው መኪና ቀለም ነበር፤ እሱም በኮምፓውንድ (በሚፈትግ ቅባት) እና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብዬ ሳሸው ለቀቀ። በመጨረሻ የትንሿን ጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ብቻ ቀረች። እዚያ ላይ ግራጫው ፕራይመር ይታያል፣ ብረት ግን አይታይም። ብረት ቢታይ ኖሮ የማንንም ቀጠሮ አልጠብቅም ነበር። የተራቆተ ብረት እርጥበት ካገኘ ለመዛግ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ዝገቱ ደግሞ በቀለሙ ሥር ሥር ነው የሚሄደው።

እስከዚህ ድረስ ሰውዬው ልክ ነበር። ነገሩ ያለው ፓራውልቱ ጋ ነው። የዘመኑ የቤት መኪና ፓራውልት ውጪው ፕላስቲክ ነው። ሲመታ ይገባል፣ ይመለሳል። የብዙ ፒካፖች የኋላ ፓራውልት ግን ብረት ሆኖ በብራኬት (በማሰሪያ ብረት) ከሻንሲው፣ መኪናውን ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ ጋር በቀጥታ ይታሰራል። ስለዚህ ጥጉ ላይ ያረፈ ምት ወደ ብራኬቱ፣ ከብራኬቱም ወደ ሻንሲው ጫፍ ይሄዳል። ከውጭ የሚታየው ሁለት ጣት የማይሞላ መግባት ነው። ውስጡን ግን ሳይፈቱ ማወቅ አይቻልም።

አንድ የቆየ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። "ጋሼ፣ ቀለሙን ይተዉት፣ ፓራውልቱን ብቻ ያውርዱልኝ" አልኳቸው። ሳቁ። "ሁሉም ቀባልኝ እያለ ነው የሚመጣው" አሉ። ቡሎኖቹ ላልተው የግራው ሮንዴላ (ከቡሎኑ ሥር የሚገባው የብረት ቀለበት) ሲነሳ፣ ከሥሩ ጨረቃ የመሰለች ቀጭን የሚያብረቀርቅ ብረት ታየች። ሮንዴላው ከፋብሪካ ጀምሮ ከተቀመጠበት ቦታ ተፍቆ ተንሸራቷል። በቀኙ በኩል እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ብራኬቱ ራሱም ታጥፏል፤ በታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ተልጧል። ከውጭ ቆሞ ይሄን ማየት የሚችል ሰው የለም።

ከዚያ ሻንሲውን ለካን። ከግራው ጫፍ ወደ ቀኙ የፊት ቀዳዳ፣ ከቀኙ ጫፍ ወደ ግራው የፊት ቀዳዳ በሰያፍ ሜትር ዘረጋን። ሁለቱ እኩል መጡ፤ ሻንሲው ወደ ጎን አልሄደም ማለት ነው። ይሄ የእጅ ልኬት ነው፤ ጥርጣሬ ካለ የሻንሲ መለኪያ ማሽን ያለበት ቦታ መሄድ ግድ ይላል። ማንም ቆሞ ሊያየው የሚችል ምልክት ደግሞ በካቢኑና በካሶኒው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ግራና ቀኙ መመሳሰል አለበት። በአንዱ በኩል ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ወይ ካሶኒው ከማሰሪያው ተንቀሳቅሷል ወይ ሻንሲው ታጥፏል። የኋላው ስፖንዳ፣ የካሶኒው መዝጊያ፣ ሲዘጋ አንዱን ጎን የሚያፋጭ ከሆነም እንደዚያው። እንደ ሆንዳ ሪጅላይን ያሉት፣ አካላቸው ከሻንሲው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ፒካፖች ግን በዚህ አይለኩም።

ይሄን ሁሉ ያደረግኩት ከኢንሹራንሱ ጋር ከመስማማቴ በፊት ነው። የሰውዬው ኢንሹራንስ ፎቶ ብቻ አይቶ ግምት ልኮልኝ ነበር፤ መብራት፣ ቀለም፣ ፓራውልት ማቃናት። አብሮ የመጣው ወረቀት ግን ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ነው። አልፈረምኩም። ገማቹ ደውሎ "ትንሽ ነገር እኮ ነው፣ ለምን ታጓትታለህ?" አለኝ። የብራኬቱንና የሮንዴላውን ፎቶ ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተከራከርንም፤ አዲስ ብራኬትና አዲስ ፓራውልት ተጨመረ። ፈርሜ ቢሆን ያ ሁሉ ከኪሴ ነበር። የራሳችሁን ኢንሹራንስ የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። መጀመሪያ ራሳችሁ የምትሸፍኑትን ድርሻ ከጥገናው ዋጋ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ዓመት አረቦን ሰበብ ከመስጠት ከኪስ መክፈሉ ይሻላል።

ስርጉዱ ላይ የሰማሁት ምክር እንደ ጋራዡ ብዛት ነው። አንዱ "ስቱኮ ሞልተን፣ ረጭተን፣ ማታ ትወስዳታለህ" አለኝ። ስቱኮ፣ ስርጉድ የሚሞላበት ሊጥ፣ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ላሜራው በደንብ ከተቃና በኋላ ስስ ተደርጎ ከተቀባ ዕድሜ አለው። ጣጣው ከ3 ሚሊሜትር በላይ ሲከመር ነው፤ ከላሜራው እኩል ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል። ካሶኒ ደግሞ ጭነት ሲበዛና መንገድ ሲያንገጫግጨው የሚወዛወዝ ክፍል ነው። ሌላው ጋራዥ ጎኑን በሙሉ ቆርጠን አዲስ እንበይዳለን አለ። የካሶኒ ጎን ከፋብሪካ በነጥብ ብየዳ የተያያዘ ነው። ላሜራው የተቀደደ ወይም የተጨማደደ ቢሆን እሺ። ለአንድ ስርጉድ ግን ያንን ቆርጦ መክፈትና በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለውን የዝገት መከላከያ ማበላሸት አልታየኝም።

በነገራችን ላይ ላሜራው ከምን እንደተሠራ ሳታውቁ ለማንም አታስነኩ። ማግኔት ካልያዘ ብረት አይደለም። ፎርድ ኤፍ-150 ለምሳሌ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አካሉ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት በመዶሻ እየተመታ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ቶሎ ይሰነጠቃል። ብረት የተፋቀበት መሣሪያ ሲነካው ደግሞ የብረቱ ቅንጣት ይቀርበትና ከጊዜ በኋላ ይበላዋል። ለሱ ብቻ የተለየ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይፈልጋል።

የእኔዋ ብረት ነች። የመረጥኩት ቀለሙ ሳይነካ ስርጉዱን ከጀርባ እየገፉ የሚያወጡበትን ዘዴ ነው። ለዚህ ቀለሙ ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት፣ ከጀርባ የሚደረስበት መንገድም መኖር አለበት። የካሶኒ ጎን ድርብ ግድግዳ ነው፤ በውስጠኛው በኩል ቢመቱት ውጪው አይሰማም። መብራቱ ሲወልቅ ግን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የሚያስገባ ቀዳዳ ይገኛል። መብራቱ መቀየሩ ካልቀረ መንገዱ ክፍት ነው።

ባለሙያው መስመር መስመር የሚያበራ መብራት ከስርጉዱ ፊት አቆመ። መስመሮቹ ጤነኛው ላሜራ ላይ ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ ስርጉዱ ጋ ሲደርሱ ተጠማዘው ይጠባበባሉ። ጫፉ የተቆለመመ ረጅም ዘንግ በቀዳዳው አስገባ። ዓይኑ ከመስመሮቹ ላይ አይነሳም። ትንሽ ይገፋል፣ ያያል፣ ደግሞ ትንሽ ይገፋል። ከፍ ብሎ የወጣውን ከውጭ በፕላስቲክ ሹል ነካ ነካ አድርጎ ይመልሳል። በአንዴ ቢገፋው ላሜራው ተለጥጦ ጉብታ ይሆናል፤ ጉብታ ደግሞ ከስርጉድ ይብሳል። አጠገቡ ቆሜ ጥያቄ ሳበዛ "ዝም በለኝማ፣ መስመሩ ያመልጠኛል" አለኝ። ዝም አልኩ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ተቃኑ። የጎኑ ጠርዝ ላይ ብቻ፣ ላሜራው በሚታጠፍበት፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው የምትታይ ትንሽ ነገር ቀረች።

እንዳለች ትቅር አልኩ። እሷን ለማጥፋት ጎኑን በሙሉ ማስቀባት ነበረብኝ። ፋብሪካው ቀለሙን የሚጋግረው መኪናዋ ላስቲክና ሽቦ ሳይገጠምላት ነው፤ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያልፋል። ጋራዥ ውስጥ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሜታሊክ ቀለም ሲሆን ደግሞ የኮዱ አንድ መሆን ብቻ አይበቃም። ውስጡ ያለው ብልጭልጭ እንደ ረጪው እጅና እንደ አየሩ ግፊት ስለሚተኛ ልዩነቱ ይታያል። ያንን ለመደበቅ ቀለሙን ወደ ጎረቤቱ ክፍል ማሳሳት ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ብለው የጀመሩት ሁለት ይሆናል። ነገ መኪናዋን ሊገዛ የሚመጣ ሰው የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ቢመጣ የሚጠረጥረው ወፍራሙን ቦታ ነው። ፕራይመሩ ለታየበት ትንሽ ቦታ በመኪናዋ የፋብሪካ መለያ ጽሑፍ ላይ ባለው የቀለም ኮድ ትንሽ ጠርሙስ ቀለም ገዝቼ በቀጭን ብሩሽ ነካሁት። ተጠግቶ ለሚያይ ይታያል።

መብራትና ፓራውልት ሲቀየር ግን በዓይን አይተው አይለፉ። የማቆሚያ ሰንሰሮቹ ፓራውልቱ ላይ ናቸው። በመስታወት የማይታየውን ጎን የሚጠብቀው ራዳር ደግሞ ብዙ ጊዜ የኋላው ጥግ ጀርባ ይሆናል፤ ይሄ ቴክኖሎጂ በተገጠመላቸው ኤፍ-150ዎች ላይ መብራቱ ውስጥ ነው ያለው። መብራቱን እንደ አምፖል ነቅሎ የሚተካ ጋራዥ ይሄን ይረሳዋል። ራዳር ፊት ወፍራም ስቱኮና ቀለም ቢኖርም ያሳስተዋል። እኔ መኪናዋን ከመረከቤ በፊት በኮምፒውተር አስፈተሽኩ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብቼ አንድ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ በኋላዋ እንዲሄድ አደረግኩ፤ ሰንሰሮቹ በየተራ ጮኹ።

ጭነት ከጫንኩባት በኋላ ተመልሼ የብራኬቱን ቡሎኖች በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) አስፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። የዋስትና መጽሐፉንም አነበብኩ። ብዙ አምራቾች ከግጭት በኋላ የተጠገነውን ቦታ ከዝገት ዋስትና ያወጡታል። ስለዚህ ምን እንደተነካና ምን እንዳልተነካ በወረቀት ላይ መኖር አለበት። ጋሼ የታጠፈውን ብራኬት ሊጥሉት ሲሉ ለመንኳቸውና ይዤው መጣሁ። ከፎቶዎቹና ከደረሰኞቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ። መኪናዋን ልሽጥ ያልኩ ቀን ገዢው "ምን ያህል ተገጭታ ነበር?" ካለኝ ብረቱን አውጥቼ አሳየዋለሁ።