ሜዳሊያውን አልፈልግም ያለው ሰውዬ

ዛሬ ደብሮኛል። ምን ሆነህ ነው ብትሉኝ ቀጥ ያለ መልስ የለኝም። ዝናቡ ከሰዓት የጀመረው አላባራም፣ መብራት ሁለቴ ሄዶ መጥቷል፣ ቡፌው ላይ ደግሞ ቲቪውን ተደግፎ የቆመ አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ እኔን ያየኛል፣ እኔ እሱን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞሬ ተቀምጫለሁ።

ትናንት ቢሮ የዓመቱ መዝጊያ ነበር። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ አለቃችን ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ከዚያ ያ መከራችንን ያየንበት ፕሮጀክት ላይ ለሠሩ ሰዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል ተባለ። (“መከራችንን ያየንበት” ብዬ ስጽፍ እጄ ያዝ አደረገኝ።) እኔ በሁለተኛው ወር ነው የወጣሁት። እንዴት እንደወጣሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሌሎቹ ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ እሁድ ሳይሉ ሲለፉ እኔ ፎቁ ላይ ማኪያቶ እየጠጣሁ “በርቱ” ስላቸው ነበር። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው የድሮውን ፋይል ከፍቶ መሰለኝ፣ ስሜ ተጠራ።

ተነሳሁ። ኮቴን ቆለፍኩ። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ሥራውን ተሸክማ የጨረሰችው ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ አጨበጨበችልኝ። ከልቧ ነው ያጨበጨበችው። እሱ ነው የባሰው።

ከትናንት ጀምሮ ታዲያ አእምሮዬ ውስጥ የሚመላለሰው ማን እንደሆነ አትገምቱም። ኒኮላ ካሊኒች። አዎ፣ ያ ክሮኤሺያዊው አጥቂ። ከነፍሴ ጋር ልነጋገር ቁጭ ባልኩበት እሱ ገባብኝ።

ሰኔ 2010 ነበር፣ በእነሱ 2018። አገሩ ሁሉ በሌላ ወሬ ተጠምዶ፣ እኛ ግን የሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን የሩሲያውን የዓለም ዋንጫ እናያለን። ክሮኤሺያ ከናይጄሪያ፣ ማታ 4 ሰዓት። ቤቱ በሙሉ ናይጄሪያ ነበር፣ አፍሪካ ናታ። አልሆነም። አንዱን ናይጄሪያዎች በራሳቸው ላይ አገቡት፣ ሁለተኛውን ሞድሪች በፍጹም ቅጣት ምት። ሁለት ለዜሮ። ተነጫንጨን ወጣን። ጨዋታው ያለቀ ሲመስለን ዳር ላይ ሌላ ነገር እየተደረገ እንደነበር ማናችንም ልብ አላልንም።

ካሊኒች ሲያሟሙቅ ነበር። አሰልጣኙ ዳሊች ግባ ሲለው፣ ወገቤን አሞኛል፣ ዝግጁ አይደለሁም አለ። አልገባም። ከሁለት ቀን በኋላ ዳሊች መግለጫ ሰጠ፤ ከዓለም ዋንጫው በፊት ከብራዚል ጋር በነበረው የወዳጅነት ጨዋታም እንዲሁ ሆኖ ነበር፣ ከዚያም ልምምድ ላይ ተደገመ፣ እኔ የምፈልገው ጤነኛና ዝግጁ ተጫዋች ነው፣ ስለዚህ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቃ። ጨዋታው የተደረገበት ከተማ ደግሞ ካሊኒንግራድ ነው። ካሊኒች በካሊኒንግራድ። እኔ ፈጥሬ ብጽፈው ማንም አያምነኝም ነበር።

ያኔ ሰፈር ውስጥ የተባለውን ታስታውሳላችሁ። ያ የምታውቁት ጓደኛዬ (የሚላን ደጋፊው፣ ካሊኒች የሚባል ስም ሲሰማ ጨጓራው የሚነሳበት) “ጥጋብ ነው!” ብሎ ዘጋው። እሱስ ምን ያድርግ፣ በ2017 (ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፊዮረንቲና ለሚላን ሲሰጠው ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ሰውዬው በሊጉ ዓመቱን ሙሉ 6 ጎል አግብቶ፣ በራሱ ሜዳ እየተፏጨበት፣ አንዴ አሰልጣኙ ጋቱሶ ልምምድህ አላማረኝም ብሎ ከቡድኑ አስወጥቶት ጨረሰ። ስለዚህ የወገቡን ነገር ሲሰማ ጓደኛዬ ፍርዱን የሰጠው ምስክር ሳይጠራ ነው።

እኔ ግን ሰውዬውን ከዚያ በፊትም አውቀዋለሁ። እወደው ነበር ልበል? ልበል። ስፕሊት አጠገብ ሶሊን የምትባል ቦታ ነው የተወለደው፣ የስፕሊቱ ክለብ የሃይዱክ ልጅ ነው። በ2009 ብላክበርን ሮቨርስ ገባ። በ2010 ጥር በሊግ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ አስቶንቪላ ሜዳ ላይ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት አገባ። ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ? 6 ለ 4፣ ለቪላ። ከዚያ ዩክሬን ሄዶ ለድኒፕሮ ተጫወተ። በ2015 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ዋርሶ ላይ ከሴቪያ ጋር ሲገናኙ በ7ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ አገባ። ስንት ለስንት አለቀ? 3 ለ 2፣ ለሴቪያ። መጀመሪያ አግብቶ መጨረሻ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ልቤን ይበላዋል፣ ምን ላድርግ።

ፊዮረንቲና ሲገባ ደግሞ ኢንተርን በራሱ ሜዳ ሐትሪክ ሠራበት፣ 4 ለ 1። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ስፔን ላይ ያገባትን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ፔሪሲች ከግራ ሲያሻማ ካሊኒች ከተከላካዩ ፊት ቀደም ብሎ ደረሰና፣ ፊቱን ወደ ጎሉ እንኳን ሳያዞር፣ በተረከዙ ነካ። ነካ ብቻ። በረኛው ዴ ሄያ ኳሷን ያያት ከገባች በኋላ ነው። በኋላ ፔሪሲች ሁለተኛዋን ጨመረና ክሮኤሺያ 2 ለ 1 አሸነፈች።

እና በጥር 2017 ቻይናዎች መጡ። ቲያንጂን የሚባለው ክለብ፣ ያኔ አሰልጣኙ ካናቫሮ ነበር፣ ሰው ይዞት የማያውቀውን ብር ዘርግቶ ና አለው። አልመጣም አለ። ጣሊያን እቆያለሁ አለ። ያን ጊዜ እሱን የሚያክሉ ስንቶቹ ሻንጣቸውን ይዘው እየሮጡ ሄደዋል!

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የያዘኝ። ይሄ ሰውዬ እምቢ ማለት ያውቃል። ለብርም እምቢ፣ ለአሰልጣኝም እምቢ። እኔ በሕይወቴ እምቢ ያልኩበትን ቀን ቆጥሬ የአንድ እጅ ጣት አይሞላልኝም። ዕቁብ ግባ ሲሉኝ እገባለሁ። ሚዜ ሁን ሲሉኝ፣ ሙሽራውን ሁለቴ ብቻ ያገኘሁት ቢሆንም፣ ሱፍ አሰፋለሁ። ጠግቤ እንኳን “በሞቴ” ከተባልኩ እጎርሳለሁ። ይሉኝታ ይባላል በሽታው። እናቴ ጨዋነት ትለዋለች።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። እሱ ወደ ቤቱ ሲላክ ክሮኤሺያ በ22 ሰው ቀረች። አንድ ሰው ጎድሎባት። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ዴንማርክን በመለያ ምት፣ ሩሲያን በመለያ ምት፣ እንግሊዝን ደግሞ በተጨማሪው ሰዓት፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ 120 ደቂቃ። የእንግሊዙን ማታ አልረሳውም። አጥቂው ማንጁኪች እግሩን እየጎተተ ነበር የሚሮጠው። በ109ኛው ደቂቃ ኳሷ ስትወርድለት ማን እንደቀሰቀሰው እንጃ፣ በግራ እግሩ አስገባት። ከጨዋታው በኋላ ዳሊች የተናገረውን ስሰማ ሳቄ መጣ። ተጫዋች ልቀይር ፈልጌ ነበር፣ ግን አንዱም መውጣት አልፈለገም አለ። አያችሁ? በሰኔ አንዱ አልገባም አለ፣ በሐምሌ ሌሎቹ በሙሉ አንወጣም አሉ። ያው ቡድን፣ ያው አሰልጣኝ። አንድ ወር እንኳን አልሞላም።

ካሊኒች ያን ጨዋታ የት ሆኖ አየው ይሆን? እኔ ሁልጊዜ የማስበው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ሪሞቱን ይዞ። ማንጁኪች ሲያገባ ተነስቶ ጮኸ? ወይስ ሚስቱ “ምነው፣ ደስ አላለህም?” አለችው? አላውቅም፣ የእኔ ፈጠራ ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንጁኪችን ባየሁ ቁጥር ያ ሶፋ ይታየኛል።

ፍጻሜውን ፈረንሳይ 4 ለ 2 በላች። እነሱ ግን አገራቸው ሲገቡ የዓለም ሻምፒዮን ነው የመሰሉት። አራት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለበት አገር ዛግሬብ ላይ ከ500 ሺህ በላይ ሰው እንደወጣ ተዘገበ፣ አውቶቡሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አደባባዩ ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀበት። እንግዲህ የብሩ ሜዳሊያ ሲከፋፈል አንዱ የካሊኒች ነው ተባለ። ስሙ ከ23ቱ ውስጥ ነዋ። ዝርዝሩ ላይ አለ። ልክ እንደ እኔ፣ የድሮው ፋይል ላይ።

የአገሩ ጋዜጦች እንደጻፉት፣ አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ ሩሲያ ውስጥ አልተጫወትኩም ብሎ መለሰው።

ይህቺን ዜና ባነበብን ቀን ያ ጓደኛዬ “አሁንም ጥጋብ ነው!” አለ። አኩርፎ ነው፣ እንዲለመን ነው፣ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የሚለውን መስማት አቅቶት ነው። እኔ ደግሞ ሐቀኛ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ያልሠራበትን አልወስድም አለ፣ ከዚህ በላይ ምን ጨዋነት አለ? እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን፣ ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ እዚያም ላይ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ዛሬ ሳስበው ግን ሁለታችንም ልክ ሊሆን ይችላል። ካኮረፈ ሰው አፍም እውነት ሊወጣ ይችላል። ሜዳሊያውን ወስዶ ሳጥን ውስጥ ቢወረውረው ማን ይጠይቀው ነበር? ከዚያ ወዲህ ለክሮኤሺያ አልተጫወተም። 42 ጨዋታ፣ 15 ጎል፣ አበቃ። አትሌቲኮ ማድሪድ፣ ሮማ፣ ቬሮና እያለ ዞሮ በ2022 ወደ ሃይዱክ ተመለሰ። የትም ቢሄድ ግን ሰው ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያ ያልገባበት ጨዋታ ነው። ያቺን የተረከዝ ጎል የሚያነሳት የለም። ይኸው እኔ ራሴ በሱ ጀምሬ አይደል?

ማታ እራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። ወረቀቱን ትናንት ሳሳያት እልልታዋ ግቢውን አናውጦት ነበር፣ እውነቱን ልነግራት አፌ አልታዘዝ ስላለኝ በካሊኒች በኩል ዞሬ ልመጣባት ነው ሐሳቤ። አንድ ክሮኤሺያዊ ነበረ፣ ወገቤን አሞኛል ብሎ አልገባም አለ፣ አባረሩት፣ ጓደኞቹ ሜዳሊያ ሲያመጡ ያንተ ነው ሲሉት አልወስድም አለ፣ አልኳት። ጉርሻዋን ይዛ ዝም ብላ ሰማችኝ። ፍርዷን እየጠበቅኩ ነው።

“ታዲያ ወገቡ ተሻለው?” አለች።

እሷ በወገቧ ስንት ዓመቷ! በየማታው ቅባቱን ካላሸናት እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ጥጋብ ነው፣ ሐቅ ነው ስል ከርሜ፣ የሰውዬው ወገብ የእውነት ያመው ይሆን ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

“እንጃ እማዬ” አልኳት።

“አንዳንዱ እኮ ሲያመው አይታመንም፣ አይዞህ የሚለው ያጣል።” ተነስታ እጇን ታጠበች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ወደ ቡፌው ሄደችና ወረቀቱን አንስታ መብራቱ ስር ያዘችው። አሁን ነው አልኩ። አሁን እነግራታለሁ። አፌን ከፈትኩ።

“ስምህን አበላሽተውታል እኮ!” አለች።

ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው። በሐመሩ ሐ የሚጻፈውን ስሜን በሃሌታው ሀ ጽፈውታል። ደሜ ፈላ። ይሄን ያህል ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ! ነገ ጠዋት ከማኪያቶም በፊት ሰው ሀብት ገብቼ ነው የማሳርማቸው። እማዬ ፍሬሙን አዛለች፣ ሳሎን ነው የሚሰቀለው።