ሐምሌ 9 የማን ነው?

ዛሬ ሲከፋኝ ነው የዋለው። ይህ ነው የምለው ምክንያት የለኝም። ከሥራ ስወጣ ቤት መግባት አስጠላኝና ጣና ዳር ተቀመጥኩ። አሣ ጥብስ አዝዤ ውሃውን እያየሁ ሳለ የአለቃዬ የጠዋት ጥያቄ መጣብኝ። «ብዙ ቀን የሚሰጠን የትኛው ዘዴ ነው?»

እኛ ሥራ ተቋራጭ ነን፤ ለዘገየው ግንባታ ተጨማሪ ቀን እንዲሰጠን ለአሠሪው የምናቀርበውን ጥያቄ፣ የጊዜ ማራዘሚያ ክሌሙን ማለቱ ነው። የሆነው ነገር ግልጽ ነው። አሠሪው የግንባታ ቦታውን የሚያስረክበን የሳይት ርክክብ ዘገየ። የመሠረቱ ድሮዊንግ ክለሳም አማካሪው ጋ ቆየ። በእኛ በኩል ደግሞ ፌሮው በሰዓቱ አልገባም። ይህንኑ ታሪክ በተለያየ ዘዴ ብንተነትነው ግን የሚወጣው ቀን ለየቅል ነው።

ኢምፓክትድ አዝ ፕላንድ የሚባለው ዘዴ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ፕሮግራም (የሥራ መርሐ ግብር) አንስቶ የአሠሪውን መዘግየት መክተት፣ ከዚያ ማለቂያው ስንት ቀን እንደተገፋ ማየት ነው። ሳይት ላይ የሆነውን ስለማይጠይቅ የእኛ ፌሮ ጭራሽ አይነሳም። አለቃዬ የሚወደው ይህን ነው። ኮላፕስድ አዝ ቢልት በተቃራኒው ከተሠራው ይነሳል። የአሠሪውን መዘግየት ቀንሶ «ይህ ባይኖር መቼ ያልቅ ነበር?» ይላል።

የእንግሊዙ የኮንስትራክሽን ሕግ ማኅበር በፈረንጆቹ 2017 ባሳተመው ሁለተኛ እትም የመዘግየት መመሪያ (ፕሮቶኮል) ውስጥ ስድስት ዘዴዎችን ዘርዝሯል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘዴ ግን አልመረጠም። የውሉን ቃል፣ የመዘግየቱን ዓይነት፣ በእጅ ያለውን መዝገብ፣ የሚያከራክረውን የገንዘብ መጠን አይታችሁ ወስኑ ነው የሚለው። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ለጥቅም ተብሎ የተመረጠ ዘዴ መጀመሪያ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመው ይፈርሳል።

እኛ ፕሮግራሙን በየወሩ እናድስ ነበር። ስለዚህ ጊዜውን በመስኮት በመስኮት ቆርጠን፣ በእያንዳንዱ ወር ሥራውን የያዘው ምን እንደነበር ማየት እንችላለን። የፎርማናችንም ደብተር አለ። ጠርዙን ጭቃ በልቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። «ሐምሌ 9። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ፓምፕ ሙሉ ቀን ሠራ። ፌሮ አልመጣም።»

ይቺን ቀን ጁላይ 16 ብዬ ፕራይማቬራ በሚባለው የፕሮግራም ማውጫ ሶፍትዌር ውስጥ ካስገባኋት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ቁፋሮው በፕሮግራሙ የተያዘው ለጥር ነበር። ርክክቡ ሲዘገይ ክረምት ላይ ወደቀ። ሐይቁ አጠገብ በክረምት ሲቆፈር ውሃው ከላይም ከታችም ነው። ታዲያ ዝናቡ ሰማይ ያመጣው ቢሆንም፣ ቁፋሮውን ዝናብ ውስጥ የከተተው ርክክቡ ነው። ይህን አሠሪው ፊት ደፍሬ እናገራለሁ። ፕሮግራማችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት የሥራ ካላንደር ስለያዘ፣ የአለቃዬ ዘዴ ይህን የክረምት ጉዳት እንኳን አያሳይም። መስኮቱ ግን ያሳያል።

ችግሩ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ፌሮ አልመጣም። ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆንስ ምን እናስር ነበር? ሁለቱ መዘግየቶች ጎን ለጎን የሮጡ ከሆነ ጊዜው ቢሰጠንም የወጪ ካሳው ያከራክራል። ሳይት ሳንረከብ ፌሮ አምጥተን የት እናራግፋለን ብለን ትዕዛዙን ሆን ብለን አቆይተነው ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ደብተሩ ይህን አይነግረኝም። ነገ ግዢ ክፍል ገብቼ የትዕዛዙን ቀን አያለሁ። ርክክቡ በሰዓቱ ቢሆን ኖሮስ፣ ያ ፌሮ ለጥር ይደርስ ነበር?