ድልድይን ከሥሩ ማየት

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በተጓዝኩ ቁጥር፣ አውቶቡሱ ከጎሐ ጽዮን እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ዓይኔ የሚፈልገው ከታች ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት ድልድዮች ነበር። አንደኛው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው፣ ከሥሩ በቅስት የተደገፈው የኮንክሪት ድልድይ ነው፤ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ነው። ስፍራው ጥበቃ ስላለውና ፎቶ ማንሳት ስለማይፈቀድ፣ ያየሁትን ቤቴ ከገባሁ በኋላ በትዝታ በደብተር ላይ መሳል ጀመርኩ። በፎቶ ላይ ሳስተውለው የማልችለውን ጥያቄ ያነሣብኝ ይህ ሥዕል ነው፤ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው መኪና ክብደት በየት በኩል ወርዶ መሬት እንደሚደርስ ካላወቅሁ፣ እርሳሴን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለብኝ አላውቅም ነበርና። ከዚያ ወዲህ በደረስኩበት ድልድይ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

በአሮጌው ድልድይ መልሱ በዓይን ይታያል። ክብደቱ በቅስቱ ጉብታ ተከፍሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተገፋ በቅስቱ እግሮች በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። የህዳሴ ድልድይን ለመረዳት ግን ብዙ ማንበብ ነበረብኝ። ርዝመቱ 303 ሜትር፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ክፍተት 145 ሜትር ሲሆን፣ ከወለሉ በላይ የሚታዩት ማማዎች ለዚህ ርቀት አጭር መስለው ይታያሉ። ምክንያቱ ገመዶቹ ሙሉውን ክብደት የሚያንጠለጥሉ አለመሆናቸው ነው። ኮንክሪት ጭመቃን በእጅጉ ይችላል፤ ሲለጠጥ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ በውስጡ የተወጠሩ የብረት ገመዶች አስቀድመው ጨምቀው ይይዙትና፣ ከማማዎቹ ዝቅ ባለ ማዕዘን የሚወርዱት ገመዶች ይህንኑ ሥራ ያግዛሉ፤ ወለሉ ራሱም የድርሻውን ይሸከማል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲስ የዓባይ ድልድይም በዚሁ ስልት የተሠራ ነው። 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ የተሰጠው መሆኑ ከማማዎቹ ይልቅ እኔን ያስደስተኛል፤ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና።

ከሁሉም ይልቅ ያስተማረኝ ግን የድንጋይ ድልድይ ነው። ከጢስ ዓባይ ከተማ ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአላታ ድልድይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1620ዎቹ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ዛሬም ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ያልፍበታል። በበጋ ከጎኑ ወርዶ በቅርብ ላየው ሰው ሁለት ነገር ይገለጥለታል። የመጀመሪያው የቦታው አመራረጥ ነው፦ ሠሪዎቹ ወንዙ በጠባብ አለት መካከል ተጨምቆ የሚያልፍበትን ስፍራ መርጠው ትልቁን ቅስት በዚያ ላይ አድርገዋል፤ ክረምት ሲሞላ ከዳር የሚፈሰው ውሃም በትናንሾቹ ቅስቶች በኩል እንዲያልፍ ትተውለታል። ሁለተኛው በጥቁሮቹ ድንጋዮች መካከል ያለው ነጭ ኖራ ነው። ኖራ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ የሚጠነክር በመሆኑ፣ ግንቡ በመጠኑ ቢንቀሳቀስ እንኳ አብሮት ይሄዳል፤ እርጥበትንም ያስወጣል። እንዲህ ያለውን ግንብ በሲሚንቶ መጠገን ጥቅም የሚመስል ጉዳት መሆኑን የተረዳሁት እዚህ ነው፤ ሲሚንቶው ከአካባቢው ግንብ ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል፣ የሚሸረሸረውም አሮጌው ድንጋይ ይሆናል። በድንጋዮቹ መሐል የሚበቅል የሾላ ችግኝም ገና እንደ ጣት ሳለ ካልተነቀለ፣ ሥሩ ሲወፍር ቅስቱን ይፈለቅቀዋል።

ስለ ድልድይ የሚነገረውን ትውፊት መስማት ልኬት ከመውሰድ አያንስም፤ ሁለቱን ግን በደብተሬ በተለያየ ገጽ እጽፋቸዋለሁ። ከደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን ድልድይ ብዙ ሰው የፖርቱጋሎች ሥራ ነው ይላል፤ ኖራው በሰጎን እንቁላል የተቦካ መሆኑንም የሚተርኩ አሉ። ያሠሩት ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ራስ ዳርጌ ናቸው። ትውፊቱን አልንቀውም፤ ሕዝቡ ለግንቡ ጥንካሬ የሰጠው ግምት ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄዬን ያገኘሁት ከሞጣ በታች ካለው ሰባራ ድልድይ ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን ተሠርቶ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ የኖረው ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ባሉ ሰዎች እየተጎተተ በገደሉ ላይ ይሻገር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 አንድ የውጭ ግብረ ሠናይ ድርጅት ክፍተቱን በብረት ቢያገናኘውም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። በመጨረሻም በዚያው አቆጣጠር በ2009 ከፍ ብሎ የተዘረጋ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ብረቱን የወሰደው የተሻጋሪው ክብደት አልነበረም፤ ከሥር የመጣው ውሃ ነው። ስለዚህ ክብደቱ በየት ይወርዳል ከሚለው ቀጥሎ፣ ወንዙ ሲሞላ ውሃው በየት ያልፋል ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን የእግረኛ ድልድይ ከታላላቆቹ አላሳንሰውም፤ እንዲያውም ወላድና በሽተኛ ወደ ሐኪም የሚደርሱበት በመሆኑ እኔ አስበልጠዋለሁ።

በዚህ መንገድ ድልድይ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ደብተር፣ እርሳስ፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድና ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ። ገመዱ ለስፋት፣ ሲባጎው ለከፍታ ይሆናል። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ውሃው ጎድሎ መሠረቱ ይታያል፣ ክረምት ያመጣው ጭራሮና ገለባም በዳር ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ጎርፉ የት ድረስ ደርሶ እንደነበር ያሳያል። ያን ምልክት ከድልድዩ ወለል ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መጻፍ ከሁሉም መለኪያ የበለጠ ይነግራል። ምልክቱ ካልተገኘ በአካባቢው ከብት የሚጠብቁትን መጠየቅ ነው፤ ወንዙ በየትኛው ዓመት የት እንደደረሰ ያውቃሉ። በክረምት ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም እንኳ ከድልድይ ሥር መውረድ አይገባም፤ ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ደራሹ ሳይታሰብ ይመጣልና።