ጥርስ ለሚያወጣ ልጅ የጤፍ ብስኩት

ልጄ ስድስት ወር እንዳለፈው የታች ድዱ አበጠ፤ ለሃጩም መዝረብረብ ጀመረ። ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ጣቴን፣ የአልጋውን ጠርዝ፣ የነጠላዬን ጥለት። አገር ቤት ብንሆን ከአክስት ወደ ጎረቤት እቅፍ እየዞረ ሕመሙን ይረሳው ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ባሌ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል። እኔና ልጁ ብቻችንን ነን።

ከሱፐርማርኬት ብስኩት ልገዛለት ፈልጌ ነበር። ጀርባው ላይ ያለውን ሳነብ አንዳንዱ ስኳር አለበት፣ ሌላው ከሩዝ የተሠራ ነው። ሩዝ ከሌላው እህል ይልቅ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ከአፈርና ከውሃ ይስባል። በ2021 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ በሕፃናት ምግብ ውስጥ አርሴኒክና እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) መገኘቱን በሪፖርት ካወጣ ወዲህ፣ ሩዝ በየቀኑ መስጠት አልወደድኩም። ጤፍ ደግሞ በእጃችን ነው። ኢዳሆ ይበቅላል፤ የሐበሻ ሱቅ ሁሉ ይሸጠዋል። ብረትም አለው፤ ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ብረት ያለው ምግብ ያስፈልገዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደንብ የበሰለ ሙዝ እፈጫለሁ። የጤፍ ዱቄትና የተፈጨ አጃ እኩል እኩል እጨምራለሁ። ጤፍ ብቻውን ከሆነ ይፈረፈራል፣ የተፈረፈረው ደግሞ ልጁን ሊያንቀው ይችላል፤ አጃው ያያይዘዋል። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሊጥ ሲሆን በልጁ መዳፍ የሚያዝ ረዘም ያለ ጣት አስመስዬ እቆርጠዋለሁ። በ350 ፋራናይት 20 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ከዚያ ሙቀቱን ቀንሼ ትንሽ አደርቀዋለሁ። ጨው የለም፣ ስኳር የለም። ማርማ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ለልጁ ከመስጠቴ በፊት አንዱን አፌ ውስጥ ሳላኝክ እይዘዋለሁ። በምራቅ ከለሰለሰ ይሆናል። ድንጋይ ሆኖ ከቆየ ለእኛ ሻይ ይቀርባል። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነው የሚበላው፤ እኔም ከፊቱ አልነሳም። ጥሬ ካሮት ግን፣ ብዙ ሰው ቢመክረኝም፣ አልሰጥም። ተቆርሶ ጉሮሮው ላይ ሊቀር ይችላል። ማታ ሲነጫነጭ ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ያኝካል።

ድድ የሚያደነዝዝ ጄልም አትግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ቤንዞኬይን ያለበት ጄል ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ተቅማጥ ይዞት በነበረ ጊዜ አማቴ በቪዲዮ ደወሉ።

«ልጄ፣ የወተት ጥርስ እንዳይሆን። እዚህ ብትሆኑ የሚያወጣ ሰው ነበር።»

«እማማ፣ ጥርስ ማብቀል ተቅማጥ አያመጣም። በዚህ ዕድሜው ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ምግብም ጀምሯል። ከዚያ ነው የሚመጣው» አልኳቸው።

የወተት ጥርስ ነው ተብሎ የሚወጣው፣ ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው እብጠት በሽታ ሳይሆን ገና ያልወጣ ክራንቻ ነው። በስለት ሲፈለቀቅ ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ቴታነስም ሊይዘው ይችላል። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። እስራኤል ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ክራንቻቸው በዚህ ምክንያት የጎደለ የኢትዮጵያውያን ልጆች ማየታቸውን ጽፈዋል። አማቴ ክፉ አስበው አይደለም። እሳቸውም ከእናታቸው የሰሙት ነው፤ ለልጁ ሳስተው ነው የተናገሩት።

ለሰመር ልጅ ይዛችሁ አገር ቤት የምትሄዱ እናቶች፣ ይህን ነገር ከመሄዳችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ልጁን ትታችሁ ለጉዳይ ስትወጡ የሚጠብቀው ሰው ማንም የልጁን ድድ እንዳይነካ በግልጽ ይወቅ። ሻንጣ ውስጥ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እና የሙቀት መለኪያ ያዙ። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ወይም ተቅማጡ ከበረታ፣ ጥርስ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።