አሥራ ስምንት ሺህ የተባለው ደመወዝ

ታናሽ ወንድሜ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ በሲቪል ምሕንድስና ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በጥቅምት 2018 መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ወረቀት ይዞ ሽምብጥ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። አንደኛው በዚሁ በባሕር ዳር በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ውድድር ማለፉን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲሆን ደመወዙ 11,500 ብር ነው። ሁለተኛው አንድ የሥራ ተቋራጭ የሰጠው የቅጥር ውል ረቂቅ ነው፤ በወር በጠቅላላው 18,000 ብር ይላል። «እታለም፣ አንቺ በሁለቱም በኩል ሠርተሻልና ንገሪኝ፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ልቡ ወደ 18 ሺው እንዳደላ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

በሁለቱም በኩል ሠርቻለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሂሳብ ባለሙያነት 9 ዓመት ካገለገልሁ በኋላ በ2012 መግቢያ ጣና ዳር ወዳለ አንድ ሆቴል ተዛወርሁ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሆቴሉን ሠራተኞች ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ እስካሁን የመንግሥት መምህር ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ በቤታችን በየወሩ መጨረሻ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ እንጂ ከሩቅ የምንሰማው አይደለም።

መጀመሪያ ያሰላሁለት ሁሉም ሰው የሚያሰላውን፣ ማለትም እጅ ላይ የሚገባውን ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ከግብር ነጻ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ከመንግሥቱ 11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር የጡረታ መዋጮ ሲነሣ 8,595 ብር ይቀራል። ከተቋራጩ 18,000 ብር ላይ ሁሉም ክፍያ ግብር ይከፈልበታል ብለን ብናስብ እንኳ 4,250 ብር ግብርና 490 ብር ጡረታ ተነሥቶ 13,260 ብር እጁ ይገባል። ልዩነቱ 4,665 ብር ነው። ይህ ለአንድ ወጣት የቤት ኪራይ ነው፤ ቀላል ነው ልለው አልቻልሁም፤ አላልሁምም።

ነገር ግን ወንድሜ አንድ ቁጥር ሳያስተውለው አልፎ ነበር። ከ18,000 ብር ላይ ለጡረታ የተቀነሰው 490 ብር ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? የሠራተኛው መዋጮ በመንግሥትም በግልም 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው የሚጨምረውም በሁለቱም ዘንድ 11 በመቶ ነው። የ18,000 ብር 7 በመቶ 1,260 ብር መሆን ነበረበት። መልሱ በረቂቁ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበር። መሠረታዊ ደመወዙ 7,000 ብር ነው፤ የቀረው 11,000 ብር የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የስልክና «የኃላፊነት» አበል ተብሎ ተከፋፍሏል።

የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ምክንያት ይህ ቁጥር ነው። በከተማችን ሰዎች የመንግሥትንና የግል ሥራን ሲያወዳድሩ ጠቅላላ ክፍያን ከጠቅላላ ክፍያ ጋር ያወዳድራሉ። ሕጉ ግን የሠራተኛውን ነገር ሁሉ የሚለካው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ ውሎ አበልን፣ የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያንም ሳይቀር ከደመወዝ ውጭ ያደርጋቸዋል። አበል ደስ የሚያሰኘው ሥራ ላይ ሳሉ ነው። በሕመም፣ በሥራ ቅነሳና በጡረታ ጊዜ አብሮ አይመጣም።

ጡረታውን በወረቀት ላይ አሰላሁለት። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። በ11,500 ብር 6,325 ብር፣ በ7,000 ብር ደግሞ 3,850 ብር ይሆናል። ከ30 ዓመት በኋላ ደመወዙ በዚሁ እንደማይቆም አውቃለሁ፤ ያሰላሁለት መጠኑን ሳይሆን ንጽጽሩን እንዲያይ ነው። ዛሬ 18 ሺህ የሚቀበለው ሰው ነገ 11,500 ከሚቀበለው በታች ጡረታ ይወጣል። እናታችን አባታችን ካረፈ በኋላ የምትኖረው በጡረታው ግማሽ ነው፤ ሕጉ በሕይወት ለቀረ የትዳር ጓደኛ የሚፈቅደው 50 በመቶ ነውና። የዚያን ግማሽ ዋጋ ወንድሜም እኔም ከወሩ መጀመሪያ ጀምረን እናውቀዋለን፤ የመድኃኒቷን ወረቀት የምንከፋፈለው እኛ ነን።

ሰዓቱንም አወዳደርንለት። የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ሰዓት ሲሆን በአዋጅ 1156 የተፈቀደው መደበኛ ሰዓት ግን እስከ 48 ነው፤ የተቋራጩ ውልም 48 ይላል፣ ቅዳሜን ጨምሮ። በወር 169 እና 208 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሲካፈል መንግሥት በሰዓት ወደ 68 ብር፣ ተቋራጩ ወደ 86 ብር ተኩል ይከፍላሉ። ተቋራጩ አሁንም ይበልጣል፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ የነበረው ብልጫ ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል። ወንድሜን ያስደነገጠው ግን የትርፍ ሰዓቱ ነው። በቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ ላይ 1.5 ተባዝቶ ይከፈላል፤ ማባዣው የሚያርፈው ግን በ7,000 ብሩ ላይ ነው። 7,000 ለ208 ሲካፈል 33 ብር ከ65 ሳንቲም፣ በ1.5 ሲባዛ 50 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ። ስለዚህ በመደበኛው ሰዓት 86 ብር የሚያወጣ ሥራው፣ ደክሞት ከመሸ በኋላ ሲሠራው 50 ብር ያወጣል። ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ደግሞ በሰዓቱ እንደማያልቅ የሙያው ሰዎች ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልናገር። በሆቴል ቤት ከእንግዳው ሒሳብ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይሰበሰባል፤ ለሠራተኛውም በየወሩ ይከፋፈላል። የገናና የጥምቀት ሰሞን፣ ወደ ጎንደር የሚያልፈው እንግዳ እኛ ዘንድ ሲያድር፣ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገሩት ጀልባዎች ሲሞሉ፣ የአንዳንዱ ሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዙ ይበልጣል። አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛችን መሠረታዊ ደመወዟ 3,600 ብር ነበር፤ በደህና ወር ግን ከ7,000 ብር በላይ ይዛ ትሄድ ነበር። ልጆቿን ያስተማረችው በዚያ ነው። አንድ ክረምት ታመመችና ከሁለት ወር በላይ ተኛች። ሕጉ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የሁለተኛውን ወር ልትወስድ ልጇን ተደግፋ ስትመጣ ያዘጋጀሁላት 1,800 ብር ነበር። «ተሳስተሽ እንዳይሆን፣ አንዴ እዪው እስኪ» አለችኝ። አልተሳሳትሁም ነበር። እኔ በነበርሁበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታሞ የተኛ ባልደረባ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከደመወዙ ሳንቲም እንደማይነካበት ስለማውቅ፣ ያን ቀን ወረቀቱን ስሰጣት ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

የወሊድ ፈቃድ በሁለቱም በኩል 120 ቀን ነው፤ 30ው ከመውለድ በፊት፣ 90ው ከወለዱ በኋላ። ሁለተኛ ልጄን የወለድሁት በሆቴሉ ሳለሁ ስለሆነ ፈቃዱ እንደማይሸረፍ በራሴ አይቻለሁ። የሚሸረፈው እዚህም አበሉና የአገልግሎት ክፍያው ነው። የዓመት ፈቃድም በግል 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ በመንግሥት ከ20 ተነሥቶ በየዓመቱ አንድ እየጨመረ እስከ 30 ይደርሳል።

መንግሥት ቤት ምንም እንከን የለውም እያልሁ አይደለም። የወጣሁት በምክንያት ነው። የመንግሥት ደመወዝ ባለበት ቆሞ፣ የጤፉና የዘይቱ ዋጋ ግን ከእኛ ጋር ሳይቆም ሲሄድ፣ ከወር ወር መድረስ አቅቶን ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 1,100 ብር የነበረው ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ በ2017 ወደ 4,760 ብር፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻውም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ተሻሻለ። ጭማሪው ትልቅ ነው፤ የዘገየ ጭማሪ ግን ያለፉትን ዓመታት ዕዳ አይከፍልም። በእነዚያ ዓመታት ሠራተኛው የኖረው በውሎ አበል ነው። ሥልጠናና የመስክ ጉዞ የሚደርሰው ሰው ልጁን ሲያለብስ፣ እንደ እኔ ከወንበሩ የማይነሣው የሂሳብ ሠራተኛ በደመወዙ ብቻ ይቀር ነበር። ስለዚህ አበል ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ የግል ድርጅት ብቻ ችግር አይደለም፤ ልዩነቱ በመንግሥት ቤት አበሉ ቢቀር ከሥሩ የሚቆም መሠረታዊ ደመወዝ መኖሩ ነው። በግል በኩል ደግሞ ከባንኮች በስተቀር (እነሱ ለሠራተኞቻቸው የሚሰጡት የቤት መሥሪያ ብድር በሌላው መሥሪያ ቤት የማይታሰብ ነው) መሠረቱ ብዙ ጊዜ ስስ ነው። አዋጁ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ተናግሮ ነበር፤ የወጥ ቤት ሠራተኛችን 3,600 ብር ግን ከወለል በታች ነው የሚለው ሕግ አላገኘሁም።

ሆቴሉን በተቀላቀልሁ በወራት ውስጥ፣ በመጋቢት 2012፣ ኮሮና መጣ። ክፍሎቹ ባዶ ሆኑ፤ የአገልግሎት ክፍያው ዜሮ ሆነ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ባለቤቴ ቤት ቢውልም ደመወዙ በየወሩ ገባ፤ ያን ጊዜ የበላነው እሱን ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላም በክልላችን የሆነው ሆኖ ወደ ጢስ ዓባይና ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው እንግዳ ሲጠፋ ያው ነገር ተደገመ። በዚያ ጊዜ ሥራቸው የተቀነሰባቸውን ባልደረቦቼን የስንብት ክፍያ ያሰላሁትም እኔ ነኝ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል፤ ስሌቱ የሚነሣው አሁንም ከዚያው ከቀጭኑ ደመወዝ ነው። ሆቴሉ ሲቀጥረኝ ራሱ ዋስ ጠይቆኝ ነበር፤ ዋሱ ግን የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሆን ተጠይቄ ባለቤቴ ፈርሞልኛል። የግል አሠሪዎች ራሳቸው የሚያምኑት የትኛውን ደመወዝ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ አላውቅም።

ለወንድሜ «መንግሥት ቤት ግባ» አላልሁትም። ሙያው ሜዳ ላይ የሚማሩት ነው፤ ተቋራጩም ሥራ አለው። የመንግሥትና የግል አገልግሎት ለጡረታ ስለሚያያዝ ኋላ ቢዛወርም የሚባክን ዓመት የለውም። ያልሁት፣ «18 ሺው 18 ሺህ ይሁን፤ ከውስጡ መሠረታዊውን 12 ሺህ አድርጉልኝ በላቸው» ነው። ሰኞ ሄዶ ጠየቀ። የድርጅቱ የሂሳብ ኃላፊ «ለአንተ እጅህ ላይ የሚገባው ይቀንስብሃል እኮ» አለው። እውነቱን ነው፤ ግን የሚቀንሰው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድመን አስልተን ነበርና ወንድሜ ወረቀቱን አውጥቶ አሳየው። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በ10,000 ብር ተስማሙ። ከእጁ የቀነሰበት በወር 210 ብር ነው። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው ደግሞ በ330 ብር ጨመረ። የትርፍ ሰዓቱ ዋጋ ከ50 ወደ 72 ብር ከፍ አለ።

ፈረመ። በኅዳር መጨረሻ የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ይዞልኝ መጣ፤ የጡረታ መለያ ቁጥሩ እንደተሞላ፣ በጡረታ ዓምድ ሥር 700 ብር እንደተጻፈ አየሁና መለስሁለት።