ከጥቁር አንበሳ እስከ ልደታ፦ ካናዳ ላለ የትዳር ጓደኛ ፋይል ይዞ መዞር

ፋይሉን ይዤ የምነሳው ከጥቁር አንበሳ በኩል ነው። ኢሚግሬሽን እዚያ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ ለቀሩት ወረቀቶች ሁሉ መለኪያ ይሆናል። ካናዳ ያለ ባል ወይም ሚስት ስፖንሰር ሲያደርግ ፋይሉን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ «ኃይሉ» አንዱ ወረቀት ላይ በ«አይ»፣ ሌላው ላይ በ«ዋይ» ይጻፋል። አዲስ ፓስፖርት የተረከበ ሰው ከግቢው ሳይወጣ ስሙን ፊደል በፊደል፣ የትውልድ ቀኑንም ጭምር ይይ። የካናዳ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። ፓስፖርቱ በዚያ መስመር ላይ ያሰፈረውን እንዳለ መገልበጥ ነው እንጂ የባልን ስም መጨመር የለም። እኛ አገር ሚስት በባሏ ስም እንደማትጠራ ለማያውቅ የካናዳ መርማሪ፣ ከፋይሉ ጋር በሚያያዝ የማብራሪያ ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ቢጻፍለት ጥሩ ነው።

በቸርችል ጎዳና ወርጄ፣ ብሔራዊ ቴአትርን አልፌ፣ በኮሜርስ በኩል ሜክሲኮ እደርሳለሁ። እዚህ የሚያመጣኝ የፌደራል ፖሊስ ነው፤ ከወንጀል ነፃ የሚለው ማስረጃ። አሁን ከሚኖሩበት አገር የሚወጣው ማስረጃ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ገና ፎርሙ ሳይሞላ መሮጥ ትርፉ ድጋሚ መሰለፍ ነው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖሩበት ከእያንዳንዱ አገር እንዲሁ ማስረጃ ይጠየቃል። ቤሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ሠርታ የተመለሰች እህት የምትቸገረው እዚህ ላይ ነው። «አትጻፊው፣ ማን ያውቃል» የሚል ደላላ አይጠፋም። እባካችሁ አትስሙት። የተደበቀ ነገር ሲገኝ ሐሰተኛ መረጃ ተብሎ ለ5 ዓመት ያስከለክላል። ማስረጃውን ማግኘት ካልተቻለ የተሞከረውን ሁሉ ከነደብዳቤውና ከነኢሜይሉ አያይዞ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ይሻላል።

የካናዳው ፎርም የ10 ዓመት አድራሻና ሥራ አንድ ወር እንኳ ሳይዘለል እንዲሞላ ይጠይቃል። የካዛንቺስና የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ የተዛወረ ሰው የድሮ ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩንና የለቀቀበትን ወር አሁኑኑ ከማስታወሻው ላይ ይጻፍ። ሥራ ያልነበረበት ጊዜም «ሥራ አልነበረኝም» ተብሎ ይሞላል እንጂ ባዶ አይተውም።

ከሜክሲኮ በተግባረ እድ በኩል ልደታ ቅርብ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ባለበት አካባቢ ጸሐፊና ተርጓሚ ሞልቷል። ከወረዳ የሚሰጠው የጋብቻ ምስክር ወረቀት አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስላለው ይበቃል፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ግን ከተርጓሚው ቃለ መሐላ ጋር መተርጎም አለበት። የአክስት ልጅ እንግሊዝኛ ቢችልም የዘመድ ትርጉም አይቀበሉም።

እዚህ ጋ ቀኑን ረጋ ብሎ መመርመር ነው። ጥር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የተደረገ ሠርግ በፈረንጅ ጃንዋሪ 14፣ 2024 ነው። በተለመደው ዓመት ጥር 5 ጃንዋሪ 13 ላይ ስለሚውል ብዙ ጸሐፊ በልማድ 13 ብሎ ይመታዋል። 2015 ጳጉሜ 6 የነበረችበት ዓመት ስለሆነ ከመስከረም 2016 ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። የሠርጉ ፎቶ ላይ 14፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ 13 ካለ መርማሪው መጠየቁ አይቀርም።

በውክልና የተፈጸመ ጋብቻ ይዞ የሚመጣም አለ። እ.ኤ.አ. ከጁን 11፣ 2015 ወዲህ ካናዳ አንዱ ወገን በአካል ያልተገኘበትን ጋብቻ፣ በስልክም ሆነ በኢንተርኔት የተደረገውን ጭምር፣ ለስፖንሰር አትቀበልም።

ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ማሳየት የፋይሉ ልብ ነው። የሚፈለገው እስከ 20 ፎቶና እስከ 10 ገጽ የመልእክት ልውውጥ ነው፤ ሦስት አልበም አይደለም። ከሙሽሮቹ ብቻ ይልቅ ሽማግሌ የተላከበት፣ የቀለበቱ፣ የመልሱ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ላይ የሚታዩበት ይመረጥ፤ ከሥሩም ማን ማን እንደሆነ ይጻፍ። መልስ ካልተደረገ ለምን እንዳልተደረገ (ሐዘን ይሁን የገንዘብ እጥረት) መናገር ነው። በሰው እጅ ወይም በጥቁር ገበያ የተላከ ብር ደረሰኝ የለውም፤ በባንክ ቢላክ ምንዛሬው ቢያንስም ለፋይሉ ማስረጃ ይሆናል።

ሜዲካሉን፣ ማለትም የጤና ምርመራውን፣ የካናዳ ጥሪ ሳይመጣ አለመቸኮል ይሻላል፤ የሚያገለግለው 12 ወር ነው፣ ካናዳ ከመዘገበችው ሐኪም ውጭም አይሠራም። ሕክምናው ብዙ ወጪ ያስወጣል በሚል ግን የትዳር ጓደኛ አይከለከልም፤ ስኳር ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው በዚህ አይጨነቅ።

ፕሮሰሱ ሳያልቅ በቪዚት ቪዛ መሄድስ? ይቻላል። የካናዳ ሕግ ለጊዜው ልግባ እያሉ ለዘለቄታው ማመልከትን አይከለክልም፤ ስፖንሰሩ እንዳለ በግልጽ መጻፍና ቪዛው ካለቀ እወጣለሁ የሚያሰኝ ነገር ማሳየት ይጠበቃል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ማመልከቻውን ከካናዳ ውጭ በሚታየው መንገድ ቢያስገባ እመክራለሁ። በዚህ መንገድ የገባው ቢከለከል ስፖንሰሩ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ካናዳ ውስጥ ላሉ በተለየው መንገድ የሚገባው ግን ይህ ይግባኝ የለውም። ቪዚት ላይ ያለ ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ አይሠራም። መቆያው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ ማራዘሚያው ቀኑ ሳያልፍ ከገባ መልስ እስኪመጣ ሕጋዊ ሆኖ ይቆያል። የካናዳውን አድራሻና ስልክም ፋይሉ ላይ ማስቀየር ነው፤ የሜዲካሉ ጥሪ የሚመጣው እዚያ በተመዘገበው ኢሜይልና አድራሻ ነው።